እንድሪያስና አንገተ ረጅም ጫማው

ፒያሳ ውስጥ እንድሪያስን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ማኪያቶ አይጠጣም። ይህን የምለው ጓደኛዬ ስለሆነ አይደለም፤ ጓደኛዬ መሆኑ ግን እውነት ነው። ከዚያ አሮጌ ኬክ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ጸጉሩ ጥቁር ሳለ ቆመ፣ ዛሬ ጸጉሩ ነጥቶም እዚያው ነው። ዙሪያው ሲፈርስና ሲሠራ፣ መንገዱ ሲሰፋ፣ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተን እሱ ከቡና ማሽኑ ፊት ንቅንቅ አላለም። የተበተኑትም ቢሆኑ ታክሲ እየቀያየሩ ለእሱ ማኪያቶ ይመጣሉ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስሜ ተክለሃይማኖት ነው፣ ሰፈሩ ግን ተክሌ ይለኛል። ሱቄ ከኬክ ቤቱ ጀርባ ካለችው ቅያስ ውስጥ ናት። ሰው ሲያልፍ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊቱ ላይ አይደለም፣ ሱሪው ጫማውን የሚነካበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስንት ጉድ አይቻለሁ መሰላችሁ! መሬት የሚጠርግ ሱሪ፣ ካልሲውን ለሕዝብ የሚያሳይ ሱሪ፣ ጫማው ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ሱሪ። በዚህ ከተማ ውስጥ ያቺን ቦታ በትክክል የሚያውቅ አንድ ሰው ጥራ ብትሉኝ እንድሪያስን እጠራለሁ።

አለባበሱን ልንገራችሁ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰደርያ፣ እኔ የሰፋሁለት ግራጫ ሱሪ፤ ከሥሩ ደግሞ ነጭ የቆዳ የቅርጫት ኳስ ጫማ፣ ቁርጭምጭሚትን አልፎ የሚወጣ አንገተ ረጅም፣ ጎኑ ላይ ቀይ ቆዳ የተለበጠበት። ሱሪው ከጫማው አንገት ጋር ለጥቂት ሳይነካካ ይቆማል። ያንን ልክ ለማግኘት እኔና እሱ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል! «ትንሽ ከፍ አድርገው» ይላል፤ «ሰውዬ፣ ሽማግሌ እኮ ነህ» እላለሁ። በመጨረሻ ከፍ አደረግኩት፤ ልክ እሱ ሆኖ ተገኘ። አሁን ወጣቶቹ ሁሉ ሱቄ እየመጡ «እንደ ጋሽ እንድሪያስ አድርግልን» ይሉኛል።

ነገሩ የጀመረው ልጆች ሳለን ነው። እንድሪያስ ረጅም ነበር፤ ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ጭንቅላቱ ነው። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ለማየት ሴቶቹ መማሪያ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ይቆሙ ነበር። እግሩ ላይ ግን የነበረችው ሶሏ የሳሳ የሸራ ጫማ ናት። ሲዘልና ሲወርድ አስፋልቱ ተረከዙን እንደሚመታው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። አንድ ቀን ከሌላ ከተማ የመጣ ቡድን ሊጋጠመን ገባ። አምበላቸው የቆዳ፣ ወፍራም ሶል ያለው፣ አንገቱ ቁርጭምጭሚቱን ያቀፈ ጫማ አድርጓል። እንድሪያስ ኳሷን ትቶ ያንን ጫማ ሲያይ ዋለ። በዚያ ቀን የተሸነፍነው በእሱ ምክንያት ነው፤ እስከ ዛሬም እነግረዋለሁ።

ያንን ጫማ አልገዛውም። ከየት አምጥቶ? ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞቱ፣ ኳሱም ቀረ፣ እሱም ባንኮኒ ጀርባ ገባ። ኬክ ቤቱ የሚፈልገው ጥቁር የቆዳ ጫማ ነበርና ያንን አድርጎ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ማታ ቤቱ ሲገባ እህቱ አዳነች የሞቀ ውኃ በጨው በሳፋ አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። ያቺ ሳፋ ከዓመት ዓመት ከአልጋው ሥር አልተነሣችም። አዳነች ባሏ የሞተባት ገና በልጅነቷ ነው። አንድ ልጇን ቃለአብን ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች። እንድሪያስም ሚስት አላገባም፤ «ቤቴ ሙሉ ነው» ይል ነበር። ልጁን አስተማረው፣ ትምህርት ቤት ጠሩት ሲባል እየሮጠ ሄደ፣ ሲታመም አዘለው። ልጁ ግን እናቱን ተከትሎ «ጋሼ» ይለዋል፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ቃለአብ አድጎ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የሚሸጠውም ስኒከር ነው፤ በተለይ የድሮ የቅርጫት ኳስ ጫማዎች እንደገና በዚያው መልክ ተሠርተው የሚመጡትን። እሱ «ሪትሮ» ይላቸዋል። አንድ ቀን ካርቶን ይዞ ኬክ ቤቱ መጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። እኔ ቁርሴን እየበላሁ ነበር። እንድሪያስ ክዳኑን ከፍቶ አየ። ወተቱ ከጆጎው ገንፍሎ እየፈሰሰ እሱ ያያል። «ጋሼ፣ ቁጥሩ ልክ ነው?» አለ ልጁ። ያ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ ላይ የቀረው ጫማ፣ ያው አንገቱ፣ ያው ወፍራም ሶሉ፣ እጁ ገብቷል። እኔም ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ጫማ አድርጎ አያውቅም። ምቾቱን ሲናገር እንደ ሰባኪ ነው። «ተክሌ፣ አውራ ጣትህ ቦታ አለው እኮ! ተረከዝህ ትራስ ላይ ነው! ቁርጭምጭሚትህን ሰው የያዘልህ ይመስልሃል!» ከራስ መኮንን ድልድይ ተነሥተን ዳገቱን ወደ ፒያሳ ስንወጣ የእኔ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ እሱ ግን ያወራል። የጨው ውኃዋን ሳፋ አዳነች ልብስ ማጠቢያ አደረገቻት። የኬክ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ቀን ጫማውን አይተው ቅንድባቸው ተነሥቶ ነበር፤ ደንበኛው ሲያደንቅ ሰሙና ቅንድባቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ጽዳቱማ አይወራም። ለሊስትሮ አያስነካውም። ራሱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ያጥበዋል፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ላይ ያደርቀዋል። የቡና ባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ሰው ነጭ ጫማ አድርጎ ጠብታ ሳይነካው ሲውል ያየ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቃለአብ ምብራት የምትባል ልጅ ወደደ። መምህር ናት፤ ጨዋ፣ ሳቂታ፣ ማኪያቶዋን ቆማ የምትጠጣ። እሷም ወደደችው። ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ ዘርዓብሩክ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ከሥላሴ ጀርባ የሚኖሩ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ከረባት የሚያስሩ ሰው ናቸው። ልጁ ስኒከር እንደሚሸጥ ሲሰሙ «ሸራ ጫማ?» አሉ አሉ። ያቺን ቃል እንዴት አድርገው እንዳሏት የነገረችን ራሷ ምብራት ናት፤ እያለቀሰች።

ቃለአብ ሽማግሌ ላከ። የላካቸው የሱቅ ጎረቤቶቹን ነው፤ ደህና ሰዎች፣ ግን ደንቡን የረሱ። ሽማግሌ የልጅቷ ቤት ሲገባ የመጣበትን ተናግሮ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ቆሞ ነው የሚለምነው። እነሱ ግን አቶ ዘርዓብሩክ «ኧረ ተቀመጡ፣ ደክማችኋል» ሲሏቸው ተቀመጡ። አንደኛው አዲስ ጫማ አድርጎ እግሩ ተልጦ ነበር፤ ወንበር ሲያይ አላስቻለውም። ከተቀመጡ በኋላማ እንግዳ ናቸው። ምግብ ቀረበ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ። ጉዳዩን ሊያነሡ ሲሉ ሰውዬው ተነሥተው «ስለ መጣችሁልን እግዜር ይስጥልን፤ የቀረውን ሌላ ቀን እንጨዋወታለን» ብለው በር ድረስ ሸኟቸው። ጥያቄውን ሳይጠይቁ፣ ጠግበው ተመለሱ። ቃለአብ ያን ሳምንት ሱቁን አልከፈተም።

ሁለተኛው ሽምግልና ካልተሳካ ሦስተኛ የለም። አቶ ዘርዓብሩክ ለልጃቸው ሌላ ሰው እያሰቡ መሆኑን ምብራት ሰምታለች። ስለዚህ አሁን የምንሄደው እኛ ሆንን፦ የሰፈራችን ደብር አገልጋይ ቄስ ብርሃኔ፣ እንድሪያስና እኔ።

በዋዜማው አዳነች የወንድሟን ግራጫ ሱሪ በፌስታል ይዛ ሱቄ መጣች።

«ጋሽ ተክሌ፣ ይህችን ሱሪ እንደምንም አስረዝምልኝ። ጫማውን ትሸፍንልኝ።»

«አዳነች፣ ለምን ሌላ ጫማ አያደርግም?»

«ነገርኩት። ለመንኩት። ሰውዬው ስኒከር ጠልተው ነው ልጄን የጠሉት፣ አንተ ደግሞ ያንኑ አድርገህ ልትገባ ነው ወይ አልኩት። ዝም አለኝ። ዝም ሲል ታውቀው የለም?»

ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ልጇ ከእጇ እየወጣ፣ ደስታው እየፈረሰ ነው የሚታያት። ምን ልበላት? እጥፋቱን ፈትቼ እስከ ጠርዙ አወረድኩት። ለሙያዬ ውርደት ነበር፤ የደንበኛ ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተገናኘን። እኔ ለክብር ቀን የማስቀምጠውን ሹል የቆዳ ጫማ አድርጌያለሁ። ቄስ ብርሃኔ ጥምጥማቸውን አሳምረው መቋሚያቸውን ይዘዋል። እንድሪያስ ጠዋት ባንኮኒው ላይ ሠርቶ፣ ሱሪውን እዚያው ቀይሮ ነው የመጣው። ጫማው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ግን ሱሪው ጨርሶ ውጦታል። ከአቶ ዘርዓብሩክ ግቢ በር ስንደርስ ቆም ብሎ ወደ ታች አየ።

«ተክሌ፣ ይኼ ያንተ እጅ ነው?»

«የእህትህ ትእዛዝ ነው።»

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አለኝና ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ሁለቱንም እግር በጥንቃቄ ወደ ውጭ አጠፈው። ከዚያ በሩን አንኳኳ።

«ኖር!» ተባልን፤ «በእግዚአብሔር!» ብለን ገባን። ሳሎኑ ተሰናድቷል፣ ወንበሮቹ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል። አቶ ዘርዓብሩክ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በእያንዳንዷ እርምጃ የሚጮህ አዲስ ጥቁር ጫማ አድርገው ተቀበሉን። ሰላምታችን ሳያልቅ ዓይናቸው ወርዶ እንድሪያስ ጫማ ላይ አረፈ። ከዚያ ወደ ላይ ሲመለስ ፊታቸው ተዘግቷል።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ቄስ ብርሃኔ።

«ቁጭ ብሎም ይነገራል።»

«ቁጭ ብለው የሞከሩትማ በልተው ሄዱ» አለ እንድሪያስ። ከወደ ጓዳ አንዲት ሴት ሳቋን ስታፍን ተሰማኝ።

ቄስ ብርሃኔ ቃሉን ተናገሩ፤ ልጅዎን ምብራትን ለልጃችን ለቃለአብ ይስጡልን፣ ዝምድናዎን ፈልገን ነው የመጣነው አሉ። አቶ ዘርዓብሩክ አዎም አይደለምም አላሉም። የልጁን ዘር ጠየቁ። ዕድሜውን ጠየቁ። ንስሐ አባቱን ጠየቁ። ከባለቤቴ ጋር ልማከር ብለው ወደ ጓዳ ገቡና ቆዩ፤ ተመልሰው ወንድማቸውን በስልክ አናገሩ። በየመሐሉ «ኧረ ተቀመጡ፣ ስትቆሙ እኔ ምን ልሁን?» ይላሉ። ነገሩ ገባኝ። እንግዳ ቆሞ ባለቤት መቀመጥ ነውር ነውና እሳቸውም ቆመዋል፤ የሚጠብቁት የእኛን ጉልበት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ጉልበቴ ሊያሸንፈኝ ነበር። ያ ሹል ጫማ ጣቶቼን አንድ ላይ አስሮ ፈጃቸው። ወንበሩ አጠገቤ ነው፤ ነጭ ጨርቁ ይጠራኛል። ቄስ ብርሃኔ ቅዳሴና ማሕሌት የለመዱ ናቸው፣ መቋሚያቸው ላይ ደገፍ ብለው ሌሊቱን ሙሉ ሊቆሙ ይችላሉ። እኔ ግን አንድ እግሬን ሳነሣ ሌላው ይጮኻል። ትንሽ ወደ ወንበሩ ዘንበል ስል እንድሪያስ ሳያየኝ ክንዱን ከክንዴ ሥር አገባና ያዘኝ። እሱ ቀጥ ብሏል። ጠዋቱን ሙሉ የቆመ ሰው፣ ፊቱ ላይ አንዲት የድካም መስመር የለችም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት መናገር አለብኝ፦ የእኔ ጓደኛ ነው፣ የእኛ ሰፈር ሰው ነው፣ ማንም አያስቀምጠውም አልኩ በልቤ።

አቶ ዘርዓብሩክ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ። ጫማቸው ጮኸ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉ እንድሪያስን፣ «ለዚህ ለመሰለ ጉዳይ ነው ይህን ጫማ አድርገው የመጡት?»

አዳነች የፈራችው ደረሰ። ቄስ ብርሃኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለዚሁ ጉዳይ ነው ያጠብኩት» አለ እንድሪያስ። «ጌታዬ፣ ልጃችን የሚሸጠው ይህንን ነው። በእጁ ሠርቶ፣ ሳያጭበረብር፣ እናቱን የሚያኖርበት ይህ ነው። የሚሸጠውን ሸፍኜ ልጁን ላስመርጥዎት? ወደዚህ ቤት ተደብቆ የሚገባ ነገር የለንም። ሥራው የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ አልመጣም ነበር።»

አቶ ዘርዓብሩክ ጫማውን እንደገና አዩት፤ አሁን ግን ቀስ ብለው፣ ከሶሉ እስከ አንገቱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር። የጠበቅነው ቁጣ አልነበረበትም።

«የጫማውን ነገር ተዉት» አሉ። «እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ልጁ አባት የለውም። አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችኝ። ነገ ቢጣሉ፣ ቢያስቀይማት፣ ማንን እጠራለሁ? የማንን ደጅ እመታለሁ?»

ለካ ሰውዬው የሚፈሩት ይህንን ነበር። ስኒከሩን ያነሡት ይህንን ለማንሣት ስላልቻሉ ነው። እኔ በልቤ የሰደብኳቸውን ስድብ ሁሉ ወደ ኋላ መለስኩ፤ ግማሹን ማለቴ ነው።

እንድሪያስ ጥርት ባለ ድምፅ መለሰ።

«እኔን ይጥሩ። ልጁን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ፒያሳ መጥተው እንድሪያስ ቢሉ ባንኮኒዬ ጋ ያደርሱዎታል፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነኝ። ቢያጠፋ አላባብለውም። ዋሱ እኔ ነኝ፤ እግዜር እስካቆመኝ ድረስ።»

አቶ ዘርዓብሩክ ቄሱን አዩ። ቄስ ብርሃኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔንም አዩኝ፤ እኔም ነቀነቅሁ፣ ከህመም ጋር።

«እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አሉ። «ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ። አሁን በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ!»

ከጓዳ እልልታው ፈነዳ። አቶ ዘርዓብሩክ ከሁላችንም ቀድመው ወንበር ላይ ወደቁ፤ እኔ ተከተልኩ፤ ቄስ ብርሃኔም ምርቃቱን ቆመው አድርሰው በእርጋታ ተቀመጡ። እንድሪያስ ግን ቆሞ ቀረ። «ተቀመጡ እንጂ፣ ሰጠሁ እኮ» አሉት ሰውዬው እየሳቁ። አልሰማም መሰለኝ፤ ወይም እግሩ መቆሙን ረስቶታል።

ያን ጊዜ ምብራት ተጠርታ ገባች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ደንቡ ጉልበት ልትስም ነው። የቄሱን ሳመች፣ የእኔን ሳመች። ወደ እንድሪያስ ስትደርስ ቆሞ አገኘችው። ዝቅ ብላ ጉልበቱን ሳመችና ቀና አለች።

«አባዬ፣ አሁንስ ይቀመጡ» አለችው።

ባንኮኒው ላይ ጋሽ እንድሪያስ ነው፣ ለእህቱ ጋሼ፣ ላሳደገው ልጅም ጋሼ። «አባዬ» ግን እስከዚያ ቀን ማንም ብሎት አያውቅም። የማንም «ተቀመጡ» ያላስቀመጠው ሰው እዚያው ከኋላው በነበረው ወንበር ላይ ዝፍ ብሎ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ምብራት እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ አጠገቡ ቆመች፤ እኛም እሱ ቀና እስኪል ድረስ ወደ ምግቡ አልቀረብንም።